ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ በሌሊት ተራ መካከል ላጥና?

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ከፍኖተ ሰላም ብዙ በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ የደረጃ 4 ነርስ ነኝ። ሁላችንም ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና አልፌ ከተቀጠርሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዲግሪዬን በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ደብረ ማርቆስ እየተመላለስሁ እማራለሁ። ሰኔ ላይ የመውጫ ፈተና አለብኝ፤ ከፊቴ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ።

በወር ስምንት ሌሊት አድራለሁ። ዓርብ ሌሊት ተረኛ ከሆንሁ ቅዳሜ ጥዋት ርክክቡን ጨርሼ፣ ጋውኔን በፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ እይዛለሁ፤ ደምበጫ ሳንደርስ እንቅልፍ ይጥለኛል። ክፍል ውስጥ የመምህሩ ድምፅ ይሰማኛል፣ ነገሩ ግን አይገባኝም። ማታ ደብተሬን ስገልጠው የጻፍሁት ፊደል መስመሩን ለቆ ቁልቁል ወርዶ አገኘዋለሁ። መንገድ የተዘጋበት ሳምንት ከሆነ ጭራሽ አልሄድም፤ ያመለጠኝን ከጓደኞቼ እገለብጣለሁ።

ሥራዬን ብለቅ ባሕር ዳር የሚማረውን ታናሽ ወንድሜን የቤት ኪራይ የሚከፍልለት የለም። ባልለቅ ደግሞ ፈተናውን የማልፍ አይመስለኝም። ልልቀቅ? የስድስት ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ልጠይቅ? ወይስ እንደያዝሁት ልግፋ? ሥራውንም ትምህርቱንም አበላሽቼ ከሁለት ያጣሁ እንዳልሆን ፈርቻለሁ። ያለፋችሁበትን ንገሩኝ።

ይህን የጻፍሁት በጥቅምት ነበር። በዚህ መድረክ ላይ ያለው የውይይት ክር ረዝሞ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ የተመለሰውን መልሶ ስለሚጠይቅ፣ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። የጠቀመኝን አስረዝሜአለሁ፣ ያልጠቀመኝን አሳጥሬአለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ቡሬ የሚሠራ ነርስ ነው። እህቴ ብሎ ጀምሮ እንዳልለቅ አጥብቆ መከረኝ። እሱ ከሁለት ዓመት በፊት ለፈተና ብሎ ሥራውን ለቆ ነበር። ፈተናውንስ አለፈ፤ ግን የለቀቀው መደብ በወሩ በሌላ ሰው ተሞላ፣ እሱም ዲግሪውን ይዞ ከአንድ ዓመት በላይ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲዞር ከረመ። በእኛ አካባቢ የሚጠፋው የነርስ መደብ እንጂ ነርስ አይደለም የሚለውን ሐሳቡን ከኋላው የመጡት ብዙዎቹ ደግፈውለታል።

መልስ 2

ከባሕር ዳር የጻፈች ሴት በትሕትና ተቃወመችው። ሥራ ቢጠፋ ተፈልጎ ይገኛል፣ የተሰበረ ጤና ግን በማስታወቂያ አይገኝም የሚል ነበር ነጥቧ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ፤ ሌሊቶቹ የተከታተሉ ናቸው ወይስ የተራራቁ? ከተራ ወጥቼ ስንት ሰዓት እተኛለሁ? ምን እበላለሁ? ለእሷ ልመልስ ብዬ ስቆጥር ነው ሳምንቱን ሙሉ በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ ተኝቼ እንዳላደርሁ የገባኝ።

መልስ 3

ይህ የእኔ ነው። አንዷ የሥራ ባልደረባችን የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለሆነች አንዳንዴ ሦስት ሌሊት እንደማከታትል፣ ምግቤም በአብዛኛው ዳቦና ሻይ እንደሆነ ሳልደብቅ ጻፍሁ።

መልስ 4 እና 5

አጫጭር ናቸው። አንዱ በርቺ፣ እመቤታችን ትርዳሽ አለኝ። ሌላዋ የቆዩ የፈተና ጥያቄዎች ካሉኝ እንድልክላት ጠየቀች።

መልስ 6፣ 7 እና 8

በ6ኛው ላይ አንድ ሰው ሲኦሲ ካለፍሁ ሌላ ፈተና ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ጠየቀ፤ ያለፈ ሰው ድጋሚ አይፈተንም የሚል እምነት ነበረው። 7ኛው አረመው፣ እርማቱም ለብዙ ጀማሪ ስለሚጠቅም ሙሉውን አስቀምጠዋለሁ። ሲኦሲ በደረጃ ለሠለጠነ ሰው የሚሰጥ ነው፤ በእሱ የደረጃ 4 ነርስ ሆኖ መሥራት ይቻላል። የመውጫ ፈተናው የትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ከ2015 ጀምሮ በመንግሥትም በግልም ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚጨርስ ሁሉ ይወስደዋል፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ የወደቀም ደግሞ መቀመጥ ይችላል። የሙያ ፈቃድ ፈተናው ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ነው። በደረጃ 4 ያለፈ ሰው ሲኦሲውን ይዞ የዲግሪውን ፈተና ልዝለል ማለት አይችልም።

8ኛው መላሽ የሕግ ምሩቅ ነኝ ብሎ አንዲት ነገር አስተካከለ፤ የሕግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተናን ከ2015 ብዙ ዓመት ቀድመው ይወስዱት ነበር። 7ኛው አመስግኖት አለፈ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ጨዋ ነበር።

መልስ 9

ከየት እንደሆነ ያልገለጸ ሰው ገብቶ ክሩን አደፈረሰው። በቅዳሜና እሑድ የሚገኝ ዲግሪ ወረቀት እንጂ እውቀት አይደለም አለ። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ በሽተኛው ራስጌም ማንቀላፋቱ አይቀርም፤ እንዲህ ያለች ነርስ እናቴን በመርፌ ስትነካት ማየት አልፈልግም ብሎ በቀጥታ ወደ እኔ ጠቆመ። ልቤን ነክቶኛል። ሁለት ቀን ክሩን አልከፈትሁም።

መልስ 10 እና 11

ሁለቱም የተቆጡ ናቸው። 10ኛዋ የቅዳሜና እሑድ ተማሪ መደበኛው ተማሪ ለልምምድ ብቻ የሚያየውን በሽተኛ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በእጇ እንደምትይዝ አስረዳች። እኔም የማምነው ይህን ነው። 11ኛው ግን ስድብ ጨመረበትና የመድረኩ ኃላፊ መልሱን አነሳው፤ ቁጥሩ ብቻ ባዶውን ቀርቷል።

መልስ 12

ይህን መልስ ከሁሉም በላይ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጻፉት ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው፤ ጤና ረዳት ሆነው ጀምረው፣ ኋላ ዲፕሎማቸውን፣ ከዚያም ዲግሪያቸውን ሥራ ላይ ሆነው ተምረዋል። እኔ እትዬ እያልሁ ነው የምጠራቸው።

እትዬ 9ኛውን ሰው ስለ አነጋገሩ ወቀሱት፤ ልጄ፣ ሰው እያለቀሰ የጠየቀውን እየሰደቡ አይመልሱም አሉት። ቀጥለው ግን በአንድ ነገር እውነት እንዳለው፣ እኛም በንዴታችን እሱን ልንሸፍነው እንዳልሞከርን ማሰብ እንዳለብን ጻፉ። እንቅልፍ ያጣ ነርስ ለራሱም ለበሽተኛውም አደገኛ ነው። እኔን ደግሞ በቀጥታ ጠየቁኝ፤ እስከ ዛሬ ድካሜ በሥራ ላይ ያሳየኝ ነገር አለ ወይ? ካለ ደብቄ እንዳልይዘው፣ የውሳኔዬ መልስ እዚያ ውስጥ እንዳለ ነገሩኝ።

ስለ ጥናቱ የሰጡት ምክር ከሥራ መልቀቅም ከፈቃድም የተለየ ነበር። እሳቸው ሲማሩ ለጥናት ብቻ የተለየ ሌሊት አልነበራቸውም። ከየተራው አንድ በሽተኛ ይመርጡ ነበር። ከርክክብ በኋላ፣ ቤት ሳይገቡ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በአንዲት ወረቀት ላይ አምስቱን ደረጃ ይጽፋሉ፤ ምን መረጃ አገኘሁ፣ ችግሩን እንደ ነርስ ምን ብዬ ለየሁት፣ ምን አቀድሁ፣ ምን አደረግሁ፣ ምን ለውጥ አየሁ። ያልመለሱትን ብቻ ይዘው ወደ መጽሐፍ ይሄዳሉ። የመውጫ ፈተናም ሆነ የፈቃድ ፈተና የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ እንዲህ ያለ በሽተኛ መጣ፣ ነርሷ መጀመሪያ ምን ታድርግ?

መልስ 13

ለእትዬ የመለስሁት ነው። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ጻፍሁ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፤ ወባው የበረታበት ሰሞን። ሦስተኛ ተከታታይ ሌሊቴ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም አንዲት እናት ልጇን በነጠላ አዝላ ገባች። ልጁ ሰውነቱ ይነድዳል፣ አንዴ አንቀጥቅጦታል፣ ሲጠሩት በደንብ አይመልስም። ክብደቱ 14 ኪሎ። የፈጣን ምርመራው ፋልሲፓረም፣ አደገኛው የወባ ዓይነት፣ አለ። ወደ ሆስፒታል ከመላኩ በፊት የመጀመሪያውን አርቲሱኔት፣ የከባድ ወባ መርፌውን፣ መስጠት ነበረብኝ። መብራት የለም፤ እናትየው የስልኬን መብራት ይዛልኛለች፣ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይወዛወዛል።

60 ሚሊ ግራሙን ዱቄት በ1 ሚሊ ሊትር ባይካርቦኔት አሟሟሁት፣ 5 ሚሊ ሊትር ሳላይን ጨመርሁበት፤ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። የጓንቱ ካርቶን ላይ 14 ሲባዛ በ2.4 ብዬ ጻፍሁ፣ 33.6 አወጣሁ፣ 3.4 ሚሊ ሊትር ልስብ ስል አዋላጇ መጣች። ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አለችኝ። ስታነብ ለካ አፍ ከእጅ ይቀድማል፤ 2.4 ስል እኔው ራሴ ቆምሁ። 2.4 ለ20 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ነው፤ 42 ሚሊ ግራም፣ 4.2 ሚሊ ሊትር። ይህን ተኝቼ ባድር በእንቅልፍ ልቤ የምመልሰው ነገር ነው። ልጁ ትክክለኛውን ወስዶ፣ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ሄደ። ድኖ ተመልሷል። እኔ ግን ያቺን ካርቶን እስካሁን በመሳቢያዬ አስቀምጫታለሁ።

መልስ 14

9ኛው ሰው ተመለሰ። ይቅርታ የሚለውን ቃል አልጻፈም፤ ግን ድምፁ ሌላ ነበር። ለእናቱ አምና የሌላ ሰው መድኃኒት ሊሰጣቸው ሲል ልጃቸው በአጋጣሚ ስሙን አንብቦ እንዳስቆመው ነገረን፤ ያ ልጅ እሱ ራሱ ነው። ስሕተቴን በግልጽ መጻፌ እንዳስገረመው፣ ጥፋቱ ሦስት ሌሊት ካከታተለችው ነርስ ይልቅ ሦስት ሌሊት እንድታከታትል ካደረገው አሠራር ላይ እንደሚብስ አመነ። አዋላጇን አመስግኝልኝ ብሎም ጨመረ። አድርሻለሁ።

መልስ 15፣ 16 እና 17

ከዚህ በኋላ ክሩ ራሱ የጥናት ክፍል ሆነ። 15ኛው፣ ሞጣ የሚሠራ ነርስ፣ ጥያቄ ጣለ፤ 1000 ሚሊ ሊትር ሳላይን በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዟል፣ የመስጫው ቱቦ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ይጥላል፣ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይሁን? 16ኛዋ ፈጥና 125 አለች። 17ኛው በእርጋታ አረማት፤ 125 በሰዓት የሚገባው ሚሊ ሊትር ነው፣ የተጠየቀው ጠብታ በደቂቃ ነው። 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል 41.7 ይመጣል፣ ጠብታ ስለማይቆረጥ 42። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ስሌቱን ስለማያውቅ ሳይሆን የተጠየቀበትን መለኪያ ሳያይ ስለሚያልፍ ነው ያለው ትክክል ይመስለኛል። 16ኛዋ በማግሥቱ ሦስት ጥያቄ ሠርታ ይዛ መጣች፣ ሦስቱም ልክ ናቸው።

መልስ 18፣ 19 እና 20

ወሬው ሌላ መንገድ ያዘ። አዴት አካባቢ የሚሠራ ወንድ ነርስ፣ ገበሬው ሁሉ ዶክተር እያለ ስለሚጠራው አርሞ አርሞ እንደደከመው ጻፈ፤ ሴቶቹን ሲስተር ይላሉ፣ ለወንድ ነርስ ግን ሕዝቡ ስም አላወጣለትም። 19ኛዋ ታዲያ ምን ቸገረህ፣ እኔን ስድስት ዓመት ተምሬ እንኳ ልጄ ነው የሚሉኝ አለችው። 20ኛው ታሪክ የሚወድ ሰው ነው፤ ነርስነት በአገራችን የንጉሥ ልጅ የሠራችው ሥራ መሆኑን አስታወሰ። ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር በነርስነት ሠልጥነው ተመርቀው ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በ1934 ዓ.ም. አረፉ፣ አዲስ አበባ ላይም በስማቸው ሆስፒታል ተሠራላቸው። ከጥያቄዬ ጋር ባይገናኝም ስላነበብሁት ደስ ብሎኛል።

መልስ 21

የሞጣ ተወላጅ ሆና አሜሪካ የምትኖር እህት ረዘም አድርጋ ጻፈች። እዚያም ብዙው ሰው እየሠራ ነው የሚማረው። መጀመሪያ የነርስ ረዳት ሆና ገባች፤ ለዚያ የአገሪቱ ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፣ ክፍለ ሀገሮቹ ግን ሊጨምሩበት ይችላሉ። ሌሊት አረጋውያንን እያገላበጠች፣ ቀን እየተማረች ሁለት ዓመት ቆየች። ከዚያ ኤንክሌክስ የሚሉት የፈቃድ ፈተና አለ። በኮምፒውተር ነው፤ እንደ አመላለስሽ ጥያቄው ይከብዳል ወይም ይቀልላል፣ ትንሹ 85፣ ትልቁ 150 ጥያቄ ነው፣ የተፈቀደው ጊዜ 5 ሰዓት። መጀመሪያ ስትቀመጥ ወደቀች፤ እንደገና ለመቀመጥ ቢያንስ 45 ቀን መጠበቅ ስላለባት በእነዚያ 45 ቀናት የሌሊት ሥራዋን በግማሽ ቀነሰች፣ ሁለተኛው ላይ አለፈች። የተለወጠው ነገር እንቅልፏ ብቻ እንደነበረ ነው የምትምለው።

መልስ 22 እስከ 25

ሦስት ሰዎች ተከታትለው እንዴት መሄድ እንደሚቻል ጠየቋት። 25ኛው ተቆጣ፤ እዚህ ሰው ስለ ማርቆስ ሚኒባስ ይጠይቃል፣ እናንተ ስለ አውሮፕላን ታወራላችሁ አለ። የመድረኩ ኃላፊ የውጭውን ጉዳይ ለብቻው ክር ከፍቶለት መለሰን። ቁጣው አልበዛም እላለሁ፤ ጤና ጣቢያዎቻችን ሰው እያጡ ሳለ የመጀመሪያው ጥያቄያችን መሄጃው ሲሆን እኔም ያመኛል።

መልስ 26

ዳንግላ የምትሠራ ነርስ የጻፈችው ለእኔ የጎደለኝ ቁልፍ ነበር። ሥራም አልለቀቀችም፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድም አልወጣችም። ሌሊቶቿን ነው የለወጠችው። የሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ የሚሸሹት የበዓል ሌሊት መሆኑን አስተዋለች፤ ባልና ልጅ ያላቸው ገናን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን ቤታቸው ማደር ይፈልጋሉ። እሷ የእነሱን የበዓል ሌሊት ወሰደች፣ እነሱ ከፈተናው በፊት ያሉትን ሁለት ወራት የእሷን ሌሊት ሸፈኑላት። በቃል ብቻ ስላልተማመነች የተራ መመዝገቢያው ደብተር ላይ አጻፈችው፣ የነርሶቹ አስተባባሪም ፈረመበት። ቃል ተረስቶ ጠብ የሚያመጣው ግንቦት ላይ ነው፣ ያኔ የሚያስታርቅሽ ደብተሩ ነው ብላኛለች። ከዚህ ሌላ ከሁለት ሌሊት በላይ እንዳላከታትል አስጠነቀቀችኝ፤ የ13ኛውን መልሴን አንብባዋለች።

መልስ 27

አንድ መምህር ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ መሆኑን እንዳልረሳ አሳሰቡኝ። ትምህርቱን እያወቁ አይጤውን መቆጣጠር ተስኗቸው ሰዓት ያለቀባቸው ተማሪዎች አይተዋል። የሙከራ ፈተና በተዘጋጀ ጊዜ እንዳልቀር፣ ካልተዘጋጀም ከተማ ስወርድ ኮምፒውተር ቤት ገብቼ ጥያቄ አንብቦ መልስ መምረጥን እንድለማመድ መከሩኝ። ይህን ማንም አላሰበውም ነበር።

መልስ 28

የእኔ ነው። ኅዳር ላይ ሦስት የሥራ ባልደረቦቼን ሻይ ቤት ጠርቼ አነጋገርኋቸው። አንዷ ጥምቀትን እንጂ ገናን አልሰጥም አለች፣ ሌላው ፋሲካን በደስታ ሰጠኝ፤ አዋላጇም በተራዋ ቀን መድኃኒት ሳሰላ ጮክ ብዬ እንዳነብላት ቃል አስገባችኝ። በመጨረሻ የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ ሌሊቶች የእኔ ሆኑ፤ ግንቦትና ሰኔ ሌሊት የለብኝም። ደብተሩ ላይ ተጽፏል፣ ተፈርሟል። እናቴ ገናን ከእሷ ጋር እንደማልውል ስነግራት ለጊዜው ዝም አለች፤ በማግሥቱ ዳቦ ደፍታ እንደምትልክልኝ ደወለች።

መልስ 29

እትዬ የመጀመሪያዋን ወረቀቴን እንዳሳያቸው ጠየቁ። አምስቱን ደረጃ የሞላሁላት ሴትዮ የደም ግፊት ታማሚ ነበረች። ሁለተኛውን ደረጃ አርመው መለሱልኝ፤ የሐኪሙን የበሽታ ስም ገልብጫለሁ እንጂ እንደ ነርስ ያየሁትን ችግር አልጻፍሁም። ሴትዮዋ መድኃኒቷን የምታቋርጠው ሲሻላት መስሏት ነው፤ የነርሷ ሥራ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ አስደግመውኝ በአራተኛው ተቀበሉት።

መልስ 30

የገና ዋዜማ ሌሊት ከጤና ጣቢያው የጻፍሁት ነው። ሁለት በሽተኛ ብቻ ነበረኝ። ለአንዱ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ታዞ፣ ቱቦው ባለ 20 ጠብታ ነበር። አዋላጇ እያዳመጠችኝ ጮክ ብዬ አሰላሁ፤ ሰዓቴን ይዤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርሁ፣ መጀመሪያ 50 ነበር፣ መቆጣጠሪያውን ጠበቅ አድርጌ እንደገና ቆጠርሁ፣ 42። ከተራ ስወጣ ወረቀቴን ጽፌ ቤት ገባሁና እስከ ከሰዓት ተኛሁ።

መልስ 31

እትዬ እንኳን አደረሳችሁ ካሉ በኋላ አዲስ ጥያቄ ተዉ፤ 500 ሚሊ ሊትር በ4 ሰዓት፣ ባለ 15 ጠብታ ቱቦ። እስካሁን ሦስት ሰው መልሷል። ሁለቱ 31 ብለዋል፤ ከሁለቱ አንዱ 9ኛው ሰው ነው።